አንዴ የወረደ ኢሜጅ፦ የዶከር ዕለታዊ ሥራ በድሬዳዋ መስመርና መብራት

ሠላሳ ኮምፒውተር ያለው አንድ የሥልጠና ክፍል እንውሰድ። ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኢሜጅ በሚባል ጥቅል ይዞ፣ ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክልል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ «ዶከር ፑል ፓይተን»፣ ማለትም የፓይተንን ኢሜጅ አውርድ፣ ብሎ ይጽፋል፤ ሠላሳውም ሠልጣኝ እኩል ኢንተር ይጫናል። ሙሉው የፓይተን ኢሜጅ ተጨምቆ ሲወርድ 400 ሜጋባይት ገደማ ነው። ክፍሉ በዚያች አንድ መስመር 12 ጊጋባይት ከውጭ ጠየቀ ማለት ነው። መስመሩ ለሠላሳ ሲቃረጥ ለማንም አይበቃም፤ አንዱ ጋ ይንቀረፈፋል፣ ሌላው ጋ ይቋረጣል፣ ሦስተኛው እንደገና ይጀምራል፣ የክፍለ ጊዜው ግማሽ በዚሁ ያልቃል። ኢሜጁ አንድ ማሽን ላይ ወርዶ ክፍሉ ውስጥ ቢዞር ኖሮ ከውጭ የሚገባው ያው 400 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

የዶከር መማሪያዎች በአብዛኛው የሚጻፉት ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ ይፈሳል ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ነው። (ድሬዳዋ ላይ ቧንቧውም ጥሩ ምሳሌ አይደለም።) ስለዚህ ኮንቴይነር ከሚያስነሳው ትዕዛዝ፣ ከ«ዶከር ራን» ይጀምራሉ። ኢሜጅ ማስቀመጥና ማዛወር፣ ዲስክ ማጽዳት፣ ድንገት የጠፋ ማሽንን ማንሳት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይመጡም። ድሬዳዋ ውስጥ ቀዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር ሆኖ ለሚሠራ ሰው ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ኮንቴይነር ማስነሳት ቀላሉ ነገር ነው፤ ገንዘብና ሌሊት የሚበላው ኢሜጁን ማምጣቱና በእጅ ማቆየቱ ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ድሬዳዋ ላይ ኮንቴይነር ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ከጅቡቲ የሚመጣው የብረት ሳጥን ነው፤ ዶከርም ስሙ የወደብ ጫኝና አውራጅ ማለት ነው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ግን ያሳስታል። የብረቱ ሳጥን ሲጓዝ ዕቃው አብሮት ይጓዛል፤ የሶፍትዌሩ ኮንቴይነር ሲሰረዝ ግን ውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ኢሜጅ የማይለወጥ ቅጂ ነው። ኮንቴይነር በዚያ ቅጂ ላይ አንድ ስስ የሚጻፍበት ሽፋን ተጨምሮለት የሚሮጥ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ነው። መሰንበት ያለበት ዳታ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ፣ ቮሊዩም በሚባል የዳታ ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስቱን ያልለየ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይምታታበታል።

ሲወርድ

ኢሜጅ አንድ ወጥ ፋይል አይደለም፤ የተደራረቡ ሌየሮች ነው። እያንዳንዱ ሌየር ከይዘቱ በተሰላ የሻ256 ቁጥር ይታወቃል። ሁለት ኢሜጆች አንድ መሠረት ካላቸው መሠረቱ አንዴ ብቻ ይወርዳል፣ ዲስክ ላይም አንዴ ብቻ ይቀመጣል። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው። የፓይተኑን ሥራ በዴቢያን፣ የኖዱን በአልፓይን፣ የፒኤችፒውን በኡቡንቱ (ሦስቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ላይ ያቆመ ቢሮ ሦስት መሠረት ያወርዳል፤ ሁሉንም በአንድ የዴቢያን ስሪት ላይ ያቆመ፣ ኢሜጆቹ በተቀራራቢ ጊዜ የተሠሩ ከሆነ፣ አንድ ብቻ።

ከዚያ ታግ፣ ማለትም ከኢሜጁ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የስሪት መለያ፣ አለ። ስሙ ብቻ ተጽፎ ታግ ሲቀር ዶከር «ሌተስት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህም የቅርቡ ስሪት ነው የሚል ዋስትና የለውም፣ አሳታሚው ያንን ስም የለጠፈበት ኢሜጅ ነው፣ ያ ብቻ። ዛሬ የወረደው «ሌተስት» እና በወሩ ሌላ ማሽን ላይ የሚወርደው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስሪቱን በቁጥር መጻፍ፣ በተቻለ መጠንም ትርፉ የተቀነሰለትን፣ «ስሊም» የሚለውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። የፓይተን ስሊም ተጨምቆ ከ50 ሜጋባይት በታች ነው፤ ከላይ የጠቀስነው ክፍል ከ12 ጊጋባይት ወደ 1.5 ጊጋባይት ይወርድ ነበር፣ ያውም ምንም ሳያጋራ። አልፓይን ከሁሉ ያንሳል። ነገር ግን የተሠራው በሌላ የሲ ላይብረሪ ስለሆነ ተዘጋጅቶ የማይገኝለት የፓይተን ፓኬጅ ሲያጋጥም ፓኬጁን ከኮዱ የሚሠራ ኮምፓይለር ማውረድ ይመጣል፤ የቆጠቡት ሜጋባይት በዚያ በኩል ተመልሶ ይከፈላል። ለፓይተን ስሊምን፣ ለድረ ገጽ ሰርቨሩ ለኤንጂንኤክስ ዓይነቱ ቀላል ሥራ አልፓይንን መያዝ የተሻለ ነው። መጠን ሲነጻጸር አንድ ነገር እንዳያሳስት፦ ኢሜጆች የሚወርዱበት ዋናው የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ዶከር ሃብ ላይ የሚታየው የተጨመቀው መጠን ሲሆን «ዶከር ኢሜጅስ» ሲባል በብዛት የሚያሳየው የተዘረጋውን ነው። 400 ሜጋባይት ብሎ ያወረደ ሰው 1 ጊጋባይት ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል።

መስመሩ ደካማ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ዶከር በራሱ በአንድ ጊዜ ሦስት ሌየር ያወርዳል። በቀጭን መስመር ሦስቱም እኩል ይንፏቀቁና ሲቋረጥ ሦስቱም ግማሽ ላይ ይቀራሉ። «/ኢቲሲ/ዶከር/ዴሞን.ጄሰን» በሚባለው የዶከር ቅንብር ፋይል ውስጥ «ማክስ-ኮንከረንት-ዳውንሎድስ» የሚለውን 1 ማድረግ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እንዳይጀመር ያደርጋል። ያ ፋይል በአንዲት የተረሳች ወይም የበዛች ኮማ ዶከርን ጨርሶ እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሰርቪሱን እንደገና ከማስነሳት በፊት «ዶከርዲ --ቫሊዴት» ብሎ ማስፈተሽ ልማድ ይሁን። ሌሊት ትቶ ለመሄድ ደግሞ «አንቲል» የሚለው የሼል (የትዕዛዝ መቀበያው) ዙር በቂ ነው፦ ፑሉ እስኪሳካ ይሞክራል፣ ካልተሳካ 30 ሰከንድ ያርፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ግማሽ የወረደ ሌየር ነገ ከቆመበት ይቀጥላል ብሎ ተማምኖ ማቋረጥ ግን አያዋጣም።

አንዳንዴ መስመሩ ደህና ሆኖ ፑሉ እምቢ ይላል። «ቱ ሜኒ ሪኩዌስትስ» የሚለው መልስ የዶከር ሃብ ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሥራ ላይ በዋለው አሠራር፣ ሳይገባ የሚያወርድ ሰው በአንድ የአይፒ አድራሻ በ6 ሰዓት 100 ጊዜ ብቻ ይፈቀድለታል፤ በነፃ አካውንት የገባ 200 ጊዜ። መቶ ብዙ ይመስላል። ገደቡ የሚቆጠረው ግን በሰው ሳይሆን በአይፒ ነው። አንድ ቢሮ፣ አንድ የተማሪዎች መኖሪያ ወይም በአንድ የውጭ አድራሻ ስር የተደረደሩ ብዙ ደንበኞች መቶውን የሚካፈሉት በጋራ ነው። ምንም ሳያወርዱ ገደቡ ያለቀበት ሰው የጎረቤቱን ዕዳ እየከፈለ ነው ማለት ይቻላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ዶከር ሎግኢን»። ከገቡ በኋላ ቁጥሩ ከአካውንቱ ጋር ይያያዛል።

ሌላው የሚያደናግር ስህተት «ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፏል ወይም ገና አልደረሰም» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሃብ ችግር ወይም እገዳ ይመስለዋል። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ ከሞተች መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ የኢንተርኔት ሰርተፊኬት ሁሉ ከወደፊት የመጣ ይመስለዋል። «ዴት» ብሎ ማየት ከሁሉ መቅደም አለበት። ሲአር2032 የምትባለውን ባትሪ መቀየር ዶከርን አራግፎ እንደገና ከመጫን በጣም ይረክሳል።

ኢሜጅ ሁልጊዜ ከተተወበት ቦታ ይገኛል ብሎ ማሰብም አደገኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተዘጋጁ ኢሜጆች አሳታሚው ቢትናሚ ለዓመታት ብዙ ሰው ሲጠቀምባቸው የነበሩትን በስሪት የተለዩ ነፃ ኢሜጆቹን ከዋናው ስፍራ አንስቶ «ቢትናሚ ሌጋሲ» ወደሚል፣ ማሻሻያ ወደማይደረግለት ማኅደር አዛወራቸው። በየኮምፖዝ ፋይላቸው (የትኞቹ ኮንቴይነሮች አብረው እንደሚነሱ የሚጻፍበት ፋይል) የድሮውን አድራሻ የጻፉ ሁሉ ሰርቨር በቀየሩ ዕለት «አልተገኘም» የሚል መልስ ጠበቃቸው። ቅጂውን ቀድሞ በፋይል ያስቀመጠ ሰው ግን የሚቀይረው ነገር አልነበረውም።

በባጃጅ የሚሄድ ኢሜጅ

«ዶከር ሴቭ» ኢሜጁን ከነሌየሩ፣ ከነታጉና ከነታሪኩ ወደ አንድ ታር ፋይል (ብዙ ፋይል የሚጠቀለልበት) ያወጣል፤ «ዶከር ሎድ» በሌላው ማሽን ላይ ይመልሰዋል። አጻጻፉ «ዶከር ሴቭ -ኦ» ከዚያ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ የኢሜጆቹ ስም ነው። «ኢሜጆቹ» ያልነው በምክንያት ነው፦ ብዙ ኢሜጅ በአንድ ትዕዛዝ ሲወጣ የጋራ ሌየራቸው አንዴ ብቻ ይጻፋል፤ አምስቱን በአምስት ፋይል ያወጣ ሰው መሠረቱን አምስት ጊዜ ይሸከማል። ኢሜጁን በስሙና በታጉ እንጂ በመታወቂያ ቁጥሩ መጥራት አይገባም። በቁጥር የወጣ ኢሜጅ ሎድ ሲደረግ ስሙም ታጉም «ነን» ሆኖ ይገባና የትኛው የትኛው እንደሆነ ፍለጋ ይጀመራል። ፋይሉ በጂዚፕ ሊጨመቅ ይችላል፤ ሎድ ሲደረግ ራሱ ይፈታዋል።

«ዶከር ኤክስፖርት» ለሚባለው ወንድሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እሱ የሚያወጣው ኢሜጅን ሳይሆን የአንድ ኮንቴይነርን የፋይል ዛፍ ነው፤ ሌየሮቹ ይጠፈጠፋሉ፣ ሲነሳ የሚሮጠው ትዕዛዝና ኢሜጁ ይዞት የነበረው ተለዋዋጭ ሁሉ ይቀራል። በኤክስፖርት ወጥቶ በኢምፖርት የገባ ነገር «ምን ላስኪድ?» ብሎ መቆሙ ከዚህ የተነሳ ነው። ሁለቱም፣ ሴቭም ኤክስፖርትም፣ ቮሊዩም አይዙም። ዳታቤዙን በፍላሽ ያዛወረ መስሎት ባዶ ዳታቤዝ ይዞ የደረሰ ሰው ብዙ ነው።

ፍላሹ ራሱ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ፋት32 ነው፦ በዚህ የተዘጋጀ ፍላሽ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፣ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለውም «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ወይም ፋይሉን በ«ስፕሊት» ቆራርጦ እዚያ በ«ካት» መግጠም መፍትሔው ነው። ሁለተኛው አቅሙ የተጋነነ ፍላሽ ነው፤ ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት እውነተኛው ጥቂት የሆነ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲጻፍበት አያጉረመርምም፤ ሲነበብ ነው ጉዱ የሚታየው። «ኤፍ3» የሚባለው መሣሪያ ሙሉውን ጽፎ አንብቦ ይፈትሻል። በየጊዜው ደግሞ «ሻ256ሰም» አስልቶ ቁጥሩን ከፋይሉ ጎን ማስቀመጥ ይገባል። ማመሳከሩ ግን ፍላሹ ተነቅሎ እንደገና ከተሰካ በኋላ ይሁን፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ከራሱ ሚሞሪ አንብቦ «ትክክል ነው» ሊል ይችላል።

60 ጊጋባይት የያዘ ፍላሽ ከቀዚራ ሳቢያን በባጃጅ በ20 ደቂቃ ደረሰ እንበል፤ ሲሰላ በሰከንድ 400 ሜጋቢት ነው፣ በከተማው የትኛው ቢሮ እንዲህ ያለ መስመር እንዳለው ይታሰብ። እውነቱን ለመናገር ፍላሹ ላይ መጻፉ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ከሄደ 100 ደቂቃ ይፈጃል፤ ባጃጁ አይደለም የሚያዘገየው።

በማክ ኤም ቺፕ ላፕቶፕ ላይ ኢሜጅ አዘጋጅቶ ወደ ተራ ሰርቨር የሚወስድ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልገዋል። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር አርም የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሰርቨሩ በአብዛኛው ኤኤምዲ64። ፑል ሲደረግ «--ፕላትፎርም ሊኑክስ/ኤኤምዲ64» ካልተጨመረ ኢሜጁ በሰላም ወጥቶ፣ በሰላም ገብቶ፣ ሲነሳ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብሎ ይሞታል።

ማሽኖቹ በአንድ ስዊች ላይ ካሉ ግን ፍላሽ ማዞሩን ትቶ የራስን ሬጅስትሪ፣ ማለትም የኢሜጅ ማከማቻ፣ ማቆም ይሻላል። «ሬጅስትሪ» የሚባለው ኢሜጅ በፖርት 5000 ላይ ይነሳል፤ ኢሜጁ «ዶከር ታግ» ተብሎ የዚያን ማሽን አድራሻና ፖርት በስሙ ፊት ይዞ «ዶከር ፑሽ» ይደረጋል፤ ሌሎቹ ከዚያ ይስባሉ። ዶከር ከራሱ ማሽን ውጭ ያለ ሬጅስትሪን ያለ ሰርተፊኬት አያምንም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ደንበኛ ዴሞን.ጄሰን ውስጥ «ኢንሴኪዩር-ሬጅስትሪስ» ስር አድራሻው መግባት አለበት። ይህ በተዘጋ የክፍል ኔትወርክ ውስጥ ያስኬዳል፤ ለውጭ በተከፈተ መስመር ላይ አይሞከር። ያው ሬጅስትሪ ለዶከር ሃብ መሸጋገሪያ ማከማቻ ተደርጎም ሊዋቀር ይችላል፤ የመጀመሪያው ተማሪ ሲጠይቅ ከውጭ ያመጣል፣ ሃያ ዘጠኙ ከዚያው ይወስዳሉ።

መብራት ሲሄድ

ሰርቨር ክፍል ለሌለው ቢሮ፣ ጠረጴዛ ስር ባለ ዴስክቶፕ ላይ የሚሮጥ ኮንቴይነር ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚተኛ።

መነሳቱ በ«--ሪስታርት» ይወሰናል። ምንም ካልተጻፈ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል፣ ኮንቴይነሩ ግን ተኝቶ ይቀራል። «አንለስ-ስቶፕድ» ለአብዛኛው ሥራ ይስማማል፤ ሰው በእጁ ካቆመው እንደቆመ ይተወዋል፣ ሌላውን ሁሉ ያስነሳል። «ኦልዌይስ» ግን ትናንት ለጥገና ያቆሙትን ዛሬ መብራት ሲመጣ ሳይጠይቅ ያስነሳዋል። ቀድሞ የተፈጠረ ኮንቴይነር ላይ መጨመር ሲያስፈልግ ማጥፋትና መፍጠር አይጠይቅም፤ «ዶከር አፕዴት --ሪስታርት» ይበቃል። የዶከር ሰርቪስ ራሱ ከማሽኑ ጋር እንዲነሳ «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ዶከር» መደረጉን ማረጋገጥ ደግሞ የሚረሳው ነገር ነው።

መተኛቱ ይበልጥ ይከብዳል። «ዶከር ስቶፕ» ለኮንቴይነሩ ዋና ፕሮሰስ «በቃ ጨርስ» የሚል ሲግናል ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ካልጨረሰ በግድ ይገድለዋል። ሥራ የበዛበት ዳታቤዝ 10 ሰከንድ ላይበቃው ይችላል፤ «-ቲ 60» ብሎ ማራዘም ይገባል። በጣም የተለመደው ስህተት ግን የኢሜጁ አሠራር በሚጻፍበት ፋይል፣ ዶከርፋይሉ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ሲነሳ የሚሮጠውን የሚናገረው የመጨረሻው ሲኤምዲ መስመር ያለ ማዕዘን ቅንፍ፣ እንደ ተራ ትዕዛዝ ከተጻፈ፣ ዋናው ፕሮሰስ ሼሉ ይሆናል፤ ሲግናሉ ሼሉ ጋ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ አይሰማም። በማዕዘን ቅንፍና በጥቅስ ሲጻፍ ፕሮግራሙ ራሱ ቁጥር 1 ይሆንና ይሰማል። ሲቆም ሁልጊዜ ልክ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ኮንቴይነር ይህ በሽታ እንዳለበት መጠርጠር ነው። ዩፒኤሱ ሦስት ደቂቃ በሚይዝበት ቢሮ አሥር ኮንቴይነር ተራ በተራ ሲቆም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

«ዶከር ፒኤስ -ኤ» የሚያሳየው የመውጫ ቁጥር ታሪኩን ይናገራል። 0 በሰላም ጨርሷል። 143 ተጠይቆ ወጥቷል። 127 ትዕዛዙ ኢሜጁ ውስጥ የለም፣ ብዙ ጊዜ የፊደል ግድፈት ነው። 137 በግድ ተገድሏል፤ ገዳዩ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ስቶፑ ጊዜ አልቆበት፣ ወይ ራም አልቆ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት)። «ዶከር ኢንስፔክት» ብሎ «ኦኦኤም ኪልድ» የሚለው መስመር እውነት መሆኑን ማየት ሁለቱን ይለያል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሦስት ኮንቴይነር ያለ «--ሚሞሪ» ገደብ የሚያስኬድ ሰው አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይገደልበታል፤ የሚሞተው ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል።

ዲስኩ የሚሞላበት መንገድ

«ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ኢሜጅ፣ ኮንቴይነር፣ ቮሊዩምና የቢልድ ካሽ (ኢሜጅ ሲሠራ የሚቀመጥ መሸጋገሪያ ቅጂ) እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደያዙ ይነግራል። ዲስክ ሞላ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው እሱ እንጂ ማጽጃው ትዕዛዝ፣ ፕሩን፣ አይደለም።

ፕሩን ሰው የሚፈራውም፣ ሳይፈራ የሚጎዳበትም ትዕዛዝ ነው። «ዶከር ሲስተም ፕሩን» የቆሙ ኮንቴይነሮችን፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ኔትወርኮች፣ ስም የሌላቸውን ኢሜጆችና ያልተፈለገ የቢልድ ካሽ ያነሳል። «-ኤ» ሲጨመርበት ግን ኮንቴይነር የሌለውን ኢሜጅ ሁሉ ይጠርጋል። ሌላ ቦታ ይህ ምንም አይደለም፣ እንደገና ይወርዳል። እዚህ ግን ሦስት ሌሊት የፈጀ ኢሜጅ በአንድ ኢንተር ይሄዳል። ስለዚህ «-ኤ» ከመጻፉ በፊት ሴቭ የተደረገ ቅጂ መኖሩ ይረጋገጥ። ከዶከር ስሪት 23 ጀምሮ «ዶከር ቮሊዩም ፕሩን» ስም የሌላቸውን ቮሊዩሞች ብቻ ያነሳል፤ ቀድሞ የነበረው ስም ያላቸውንም ይጠርግ ስለነበር አሮጌ ስሪት ላይ ያለ ሰው ይጠንቀቅ። «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን -ቪ» ደግሞ ዛሬም ስም ያላቸውን ያጠፋል። ያቺ አንዲት ፊደል ብዙ ዳታቤዝ በልታለች።

ዲኤፍ የማያሳየው ሌባ ሎግ ነው። ዶከር በተለመደው አሠራሩ የኮንቴይነሩን ሎግ ያለ ገደብ ወደ አንድ የጄሰን ፋይል ይጽፋል። ስህተት እየደጋገመ የሚጮህ ፕሮግራም በወራት ውስጥ ብዙ ጊጋባይት ይሞላል፣ «ዲኤፍ» ግን ኢሜጆቹ ያው ናቸው ይላል። ዴሞን.ጄሰን ውስጥ የሎጉን «ማክስ-ሳይዝ» 10 ሜጋባይት፣ «ማክስ-ፋይል» 3 ማድረግ ይበቃል፤ ወይም «ሎካል» የሚባለውን የሎግ ዓይነት መምረጥ፣ እሱ ራሱ ይገድባል። ቅንብሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው። ሰርቪሱን አስነስቶ «አልሠራም» የሚል ሰው ኮንቴይነሩን አጥፍቶ እንደገና አልፈጠረም።

ትልቅ ዲስክ ገዝቶ የዶከርን ማስቀመጫ ወደዚያ ማዛወር የፈለገ ሰውም አዲስ ነገር ጠብቆታል። እስካሁን «ዳታ-ሩት» የሚለውን መቀየር ሁሉንም ከ«/ቫር/ሊብ/ዶከር» ያዛውር ነበር። ዶከር ስሪት 29 በአዲስ ጭነት ላይ ኢሜጆችን ከውስጥ በሚጠቀምበት የኮንቴይነርዲ ፕሮግራም ማስቀመጫ ስለሚይዝ ኢሜጆቹ «/ቫር/ሊብ/ኮንቴይነርዲ» ስር ይሆናሉ፤ ዳታ-ሩት አይነካቸውም። የኮንቴይነርዲው ቦታ በራሱ የቅንብር ፋይል ለብቻው መቀየር አለበት። አዲሱ አቀማመጥ የተጨመቀውንም የተዘረጋውንም ስለሚይዝ ለዚያው ኢሜጅ ቀድሞ ከሚፈልገው የበለጠ ዲስክ ይበላል፤ ባለ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ይህ ይሰማል።

ኢሜጅ ራሳቸው ለሚሠሩ ደግሞ በአንድ ሌየር የገባ ፋይል በቀጣዩ ሌየር ቢሰረዝም መጠኑ አይቀንስም፤ ይደበቃል እንጂ አይወጣም። ፓኬጅ መጫኑና የጭነቱን ትርፍ ማጽዳቱ በአንድ «ራን» መስመር ውስጥ መሆን አለባቸው። የፓኬጆቹ ዝርዝር ፋይል ቀድሞ ይቀዳ፣ ጭነቱ ይከተል፣ የፕሮግራሙ ኮድ መጨረሻ ይግባ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዲት የኮድ መስመር በተቀየረች ቁጥር ፓኬጁ ሁሉ እንደ አዲስ ይወርዳል።

ሰዓቱና ፊደሉ

ኮንቴይነር ሌላ ካልተነገረው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይኖራል። ሎጉ 06:00 ሲል ድሬዳዋ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከዩቲሲው ሦስት መቀነስ ነው። «ቲዜድ» የሚለውን ተለዋዋጭ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ማድረግ ያስተካክለዋል፤ አልፓይን ላይ ግን «ቲዜድዳታ» የሚባለው ፓኬጅ ካልገባ ቅንብሩ በዝምታ ይታለፋል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን መዝጋት ያለበት የሽያጭ ፕሮግራም ሌሊት 9 ሰዓት የሚዘጋው በዚህ ነው።

ፊደሉ ደግሞ ደረሰኝ ላይ ይታያል። ስሊም ኢሜጅ ውስጥ የግዕዝ ፎንት የለም። ፕሮግራሙ ላፕቶፕ ላይ በሚገባ ያወጣው የነበረ የአማርኛ ፒዲኤፍ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ይሆናል። ኮዱን መመርመር አያስፈልግም፤ ዶከርፋይሉ ላይ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚለውን የዴቢያን ፓኬጅ መጨመር ይበቃል።

ዳታው

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ በ«ሌተስት» ያስነሳ ሰው ከዋና ስሪት ወደ ዋና ስሪት ሲሻገር ይደናገጣል። ስሪት 15 የጻፈውን ማኅደር ስሪት 16 አይከፍተውም፤ «ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ጋር አይጣጣሙም» ብሎ ይቆማል። ዳታው አልጠፋም፤ ታጉን ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለስ ያስነሳዋል። ስሪት 18 ላይ ደግሞ ኢሜጁ ቮሊዩም የሚጠብቅበትን ቦታ ለውጧል። ከዚህ በፊት «/ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/ዳታ» ነበር፤ አሁን የመጨረሻው «ዳታ» ቀርቷል። የድሮውን ኮምፖዝ ፋይል እንዳለ ገልብጦ 18 ላይ መሞከር አያስኬድም።

ፖርት ሲከፈት «-ፒ 5432:5432» ተብሎ ከተጻፈ ዳታቤዙ በሁሉም የኔትወርክ ካርድ ላይ ይከፈታል፤ ዶከር ደንቡን በቀጥታ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊው በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ «ተዘግቷል» የተባለውን ፋየርዎል ያልፈዋል። ከፊቱ 127.0.0.1 መጨመር ከማሽኑ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ለውጭ መታየት ያለበት ድረ ገጹ እንጂ ዳታቤዙ አይደለም።

የመጠባበቂያ ቅጂው በ«ዶከር ኤግዜክ» ውስጥ የፖስትግሬሱን ቅጂ ማውጫ «ፒጂ_ደምፕ» አስኪዶ ወደ ፋይል መላክ ነው። «-ቲ» የሚለው እንዳይገባበት፤ እሱ የተርሚናል ባሕርይ ስለሚጨምር የመስመር መጨረሻዎቹን ይቀይርና የተጨመቀውን ቅጂ ያበላሻል፣ ይህም የሚታወቀው ሲመለስ ነው። ለሌሎች ቮሊዩሞች ኮንቴይነሩን አቁሞ፣ ቮሊዩሙንና ያሉበትን ማኅደር አንድ ላይ በአልፓይን ኮንቴይነር ላይ ሰቅሎ በታር መጠቅለል የተለመደ ነው።

ከዚያ መሞከር። ባዶ ማሽን ይወሰድ፣ የኔትወርክ ኬብሉ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይጥፋ፤ ፍላሹ ብቻ ይሰካ። ኢሜጆቹ ሎድ ይደረጉ፣ ኮምፖዙ «--ፑል ኔቨር» ተብሎ ይነሳ፤ ያልመጣ ኢሜጅ ካለ ያለ ኔትወርክ ከመንገታገት ወዲያው ስሙን ይናገራል። ይህ ያልፋል። ዳታውን ለመመለስ ታሩን የሚፈታው ትዕዛዝ ሲጻፍ ግን «ኢሜጁ አልተገኘም» ይመጣል፦ ሥራውን ሁሉ ሴቭ ያደረገው ሰው ለመጠቅለያ የተጠቀመባትን፣ ተጨምቃ 4 ሜጋባይት ገደማ የምትመዝነውን አልፓይን ፍላሹ ላይ አልጨመራትም።